ፈቃድ ያለው አጽናኝ

አማርኛችን «ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ያለ ዕረፍት ያሠራታል። ከመሥሪያ ቤት ሁለት ቀን ለመቅረት የምንጠይቀው ፈቃድ ነው። ሹፌሩ ኪሱ የሚይዘው መንጃ ፈቃድ፣ ነጋዴው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ንግድ ፈቃድ ነው። ሰው ወዶ ላደረገው ነገር ደግሞ «በፈቃዱ ነው» እንላለን። ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና ከልብ የወጣ እሺታ በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ሰሞኑን በአሜሪካ ሆስፒታሎች ስላለ አንድ ሙያ ሳነብ ይህች ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። ከባለሙያዎቹ መካከል የመጀመሪያውን ዓይነት ፈቃድ ከመንግሥት እንፈልጋለን የሚሉ አሉ፤ የዕለት ሥራቸው ግን ሁለተኛውን ዓይነት ከሕጻን ልጅ ማግኘት ነው።

ሙያው «ቻይልድ ላይፍ» ይባላል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ልመልሰው ብሞክር «የሕጻን ሕይወት ባለሙያ» የሚል ነገር ወጣልኝ። አዋላጅ ይመስላል፤ ስለዚህ በራሱ ስም ልጥራው። እነዚህ ሰዎች ሐኪም አይደሉም፣ ነርስም አይደሉም። መርፌ አይወጉም፣ መድኃኒት አያዙም። ሥራቸው ሕጻኑ ሆስፒታል ውስጥ የሚደርስበትን ነገር በዕድሜው ልክ እንዲገባው ማድረግ፣ ፍርሃቱን በጨዋታ እንዲያወጣው መርዳት፣ የታመመውን ልጅ ወንድምና እህቶች ማዘጋጀት፣ ሞት ሲመጣም ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ ነው። ነገ ለቀዶ ጥገና የሚገባ የአምስት ዓመት ልጅ ዛሬ የማደንዘዣውን ጭንብል ለአሻንጉሊቱ ራሱ ያጠልቅለታል። ጉሉኮስ የሚሰቀልበትን ቱቦ ይነካካዋል፣ ይጎትተዋል። ነገ ሲመጣበት የማያውቀው ነገር አይሆንበትም።

ሥነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ቃል መሆኑ ዓይን ይስባል። በእንግሊዝኛ ለምርመራ በደም ሥር የሚገባው ማቅለሚያ «ዳይ» ይባላል፤ መሞትም «ዳይ» ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ዳይ እንሰጥሃለን» ሲል ልጁ የሰማው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። «ካት ስካን» ታነሳለህ የተባለ ልጅ ድመቷ የት አለች ብሎ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

በእኛ ቋንቋስ? «ልጁ ሆስፒታል ይተኛል» እንላለን። ለእኛ መተኛት እዚያ መሰንበት ነው፤ ለልጁ ግን እንቅልፍ ነው። «ሰጥተን እናስተኛሃለን» ስንለው ደግሞ ማደንዘዣውን ከማታው እንቅልፍ ጋር እናደባልቅበታለን። ተኝቶ ሲነቃ ሆዱ ተሰፍቶ ያገኘ ልጅ ቤቱ ተመልሶ አልጋ ቢፈራ ምን ይገርማል? ሙያውን በደንብ የተማረች ሴት ለዚህ ልጅ «ይሄ የመድኃኒት እንቅልፍ ነው፣ ማታ ከምትተኛው ይለያል። ሐኪሟ መድኃኒቱን ስታቆመው ትነቃለህ፣ ሳትነቃ ምንም አይነኩህም የሚል ሰው ካለ ግን እውነቱን አልነገረህም» ትለዋለች። እውነቱን በልኩ ቆርሳ ታጎርሰዋለች።

ሌላም አለ። ነርሷ መርፌውን ይዛ «አሁን ልወጋህ ነው፣ እሺ?» ትላለች። ልጁ «እምቢ» ይላል፤ መጠየቁን አምኖ ነው የመለሰው። ግን ይወጋል። በዚያች ቅጽበት የተማረው አንድ ነገር ነው፦ ትልልቅ ሰዎች የሚጠይቁት ለይስሙላ ነው። ቻይልድ ላይፍ የሚያስተምረው የሌለ ምርጫ እንዳይሰጥ፣ ያለው ምርጫ ግን ሁሉ እንዲሰጥ ነው። መወጋቱ የማይቀር ከሆነ አይጠየቅም፣ ይነገረዋል። የግራ ክንድ ይሁን የቀኝ፣ እናቱ ጭን ላይ ይሁን አልጋ ላይ፣ እያየ ይሁን ዞሮ፣ ይህን ይመርጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለልጁ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የቀረለት ሥልጣን ይኸው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? የታሪኩን አንድ ጫፍ በእንግሊዝ አገር በተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እናገኘዋለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1952 «የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገባች» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ሎራ የምትባል የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ በእንብርቷ የወጣ ቡአ ሊወጣላት ስምንት ቀን ያለ እናቷ ሆስፒታል ትሰነብታለች። በዚያ ዘመን ወላጅ ከልጁ ጋር አያድርም፣ የጥየቃ ሰዓትም በስስት ነበር የሚሰጠው። ካሜራው ምንም አያጋንንም። ልጅቷ አትጮኽም፣ አታበዛም፤ ፊቷ ይጨማደድና እናቷን ትጠይቃለች፣ አሻንጉሊቷን ታቅፋለች፣ እንደገና ዝም ትላለች። እናቷ ስትመጣ ፊቷን ታዞራለች። በመጨረሻ ወደ ቤት ሲሄዱ የእናቷን እጅ አልይዝም ትላለች።

እንደ ሃያሲ ከተናገርኩ የፊልሙ ጉልበት በዚህ ቁጥብነቱ ነው። ሮበርትሰን በጣም የምታለቅስ ልጅ ብትገጥመው ኖሮ «ይቺማ የተበላሸች ልጅ ናት» ተብሎ ነገሩ ያልቅ ነበር። የገጠመችው ራሷን የምትችል፣ ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ ተመልካቹ ማምለጫ አጣ። ቢያጣም በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ፊልሙ በዚያው ዓመት በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ኦቭ ሜዲሲን ስብሰባ ላይ ሲታይ ብዙ ሐኪሞች ተቆጡ፤ ሙያችንን ሰደብክ አሉት። በ1959 ግን የፕላት ሪፖርት የሚባለው የመንግሥት ሰነድ ወጣና ሆስፒታሎች በራቸውን ለወላጅ እንዲከፍቱ፣ ለልጆችም ጨዋታና ትምህርት እንዲያመቻቹ አሳሰበ።

አሁን ወደ ነገሬ የሚያመጣኝን ልጥቀስ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሎራን የከበቧት ሁሉ ወረቀት ነበራቸው። ሐኪሙ ተመዝግቧል፣ ነርሷ ተመዝግባለች። ያንን ዝምታ «ልጅቷ ተላመደች» ብለው ያነበቡት ባለ ፈቃዶቹ ናቸው። ዝምታውን ሐዘን ነው ብሎ ያነበበው ሮበርትሰን ደግሞ ልጆችን መመልከት የጀመረው በጦርነቱ ጊዜ አና ፍሮይድ በለንደን በከፈተችው የሕጻናት ማቆያ ውስጥ የማሞቂያ ምድጃ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። አና ፍሮይድ ማንም ይሁን ማን፣ ምድጃ የሚያነድም ቢሆን፣ ከልጆቹ ያየውን በካርድ ላይ እንዲጽፍ ታዝዝ ነበር። በኋላ ተምሮ ባለሙያ ሆነ። ዓይኑ ግን የተከፈተው ከዲፕሎማው በፊት ነው።

በአሜሪካ በኩል ሙያው መልክ የያዘው በኤማ ፕላንክ እጅ ነው። ቪየና ተወልዳ በሞንቴሶሪ ትምህርት የሠለጠነች ሴት ናት። በ1955 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ሆስፒታል የሕጻናት ክፍል ውስጥ ፕሮግራሙን እንድትጀምር የጠራት ከአንድ ዓመት በፊት በፖሊዮ ቫይረስ ምርምር ኖቤል የተሸለመው ዶክተር ፍሬድሪክ ሮቢንስ ነበር። በ1962 በሆስፒታል ከሕጻናት ጋር ስለመሥራት የጻፈችው መጽሐፍ የሙያው መሠረት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሙያ ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ ሄደ፦ በ1982 የሙያ ማኅበር፣ በ1998 የብቃት ፈተና። ዛሬ አንድ ሰው የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የተወሰኑ ኮርሶች፣ በባለሙያ ሥር ቢያንስ 600 ሰዓት ልምምድና ፈተና ይጠበቅበታል። ወረቀቱ የሚመጣው ግን ከሙያው ሰዎች ነው፣ ከመንግሥት አይደለም። የአሁኑ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፦ ግዛቶች እንደ ነርስና እንደ ሐኪም ሁሉ ለእነዚህም ፈቃድ ይስጡ ወይ?

ይስጡ የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በፈቃድ ያልተጠበቀ ስም የማንም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ቀጣሪው ያጣራል እንበል፤ ሙያው ግን ከሆስፒታል ወጥቷል። በጥርስ ክሊኒክ፣ በሐዘንተኛ ቤት፣ በግል ቢሮ የሚሠሩ አሉ። እዚያ በሩ ላይ ስሙን የሚለጥፈውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? አባቱ ሊሞት ስለሆነ ልጅ ጋ ተቀምጦ የሚናገር ሰው በአንድ ክፉ ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልክ የማይሽር ነገር ሊተክል ይችላል። የሙያ ማኅበር የራሱን ወረቀት መቀማት ይችላል፤ ያ ሰው ያለ ወረቀት ሥራውን ቢቀጥል ግን ማኅበሩ ምንም ማድረግ አይችልም። መንግሥት ነው የሚችለው።

ገንዘብም አለበት፤ እንዲያውም ከአንገት በላይ ካልተነጋገርን ዋናው እሱ ነው። ቻይልድ ላይፍ በአብዛኛው ኢንሹራንስ ለብቻው የሚከፍልበት አገልግሎት አይደለም። ደመወዙ ከሆስፒታሉ ካዝናና ከለጋሾች ኪስ ይወጣል። ሒሳብ ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደረሰኝ የማይጻፍለት ሰው ነው። ፈቃድ በራሱ ኢንሹራንስን አያስከፍልም፤ ያለ ፈቃድ ግን በሩን ማንኳኳትም ያስቸግራል። የቅርብ ዘመዶቻቸው የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ሰሜን ዳኮታና ኔቫዳ በ2011 የፈቃድ ሕግ አወጡላቸው።

የሌላው ወገን ክርክርም ዕድሜ ጠገብ ነው። ሚልተን ፍሪድማን በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሦስት ደረጃ ለይቶታል። ምዝገባ አለ፦ ስምህን አስመዝግበህ ትሠራለህ። የምስክር ወረቀት አለ፦ መንግሥት ችሎታህን ይመሰክራል፣ ያልተመሰከረለትም መሥራት አይከለከልም። ፈቃድ አለ፦ የሌለው ሰው ሥራውን ቢሠራ ይቀጣል። ፍሪድማን የመጨረሻውን ለሐኪም እንኳ አልፈለገውም፤ ባለሙያዎች ፈቃድ ስጡን የሚሉት ደንበኛውን ለመጠበቅ ነው ይበሉ እንጂ ራሳቸውን ከተወዳዳሪ ይጠብቁበታል ባይ ነው። ምሳሌ አያጣም። ሉዊዚያና ለብዙ ዓመታት አበባ ለሚያስር ሰው ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። በ2015 የወጣ የኋይት ሐውስ ሪፖርት እንዳለው በ1950ዎቹ ከመቶ አምስት የማይሞላው የአሜሪካ ሠራተኛ ነበር የግዛት ፈቃድ የሚያስፈልገው፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ከሩብ በላይ ሆኗል።

በ1889 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው የዴንት ጉዳይም ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። ዴንት በዌስት ቨርጂኒያ ከ1876 ጀምሮ ያከመ ሐኪም ነበር። አዲሱ ሕግ መጣና ከሦስት አንዱን አምጣ አለው፦ ከታወቀ ኮሌጅ ዲፕሎማ፣ በግዛቷ የአሥር ዓመት ሥራ፣ ወይም ፈተና። አሥር ዓመት አልሞላውም። ዲፕሎማ አቀረበ፤ ቦርዱ ኮሌጅህ የተከበረ አይደለም አለው። ፍርድ ቤቱም ሕዝብን ከአላዋቂ ለመጠበቅ ግዛቷ መብት አላት ብሎ ፈረደበት። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ግን ልብ በሉ፤ የማን ኮሌጅ «የተከበረ» እንደሆነ የሚወስነው ቦርድ የተሞላው በአንደኛው ወገን ሐኪሞች ነው።

ከፍሪድማን የምለየው እዚህ ላይ ነው። የእሱ ደንበኛ ገበያ ወጥቶ የሚያማርጥ አዋቂ ነው። አልጋ ላይ የተያዘ የአራት ዓመት ልጅ አያማርጥም። እናቱም በዚያ ሰዓት አታማርጥም፤ የመጣላትን ትቀበላለች። መምረጥ የማይችል ሰው ባለበት ቦታ ሕግ መግባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚገባበት በር ወሳኝ ነው። ሕጉ ስሙን ሊቆልፍ ይችላል፦ ያልተፈቀደለት ራሱን ቻይልድ ላይፍ ባለሙያ ብሎ እንዳይጠራ። ወይም ሥራውን ሊቆልፍ ይችላል፦ ያልተፈቀደለት ይህን እንዳያደርግ። የሐኪሙ ሥራ ሊቆለፍ ይችላል፤ ሆድ መቅደድ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይታወቃልና። ልጅን በጨዋታ ማዘጋጀት፣ ማስረዳት፣ ማጽናናት ግን ወሰኑ የት ነው? በሕግ ቋንቋ እነዚህን ግሦች ለአንድ ባለሙያ ብቻ ከሰጠናቸው ነርሷ «የእኔ ሥራ አይደለም» የምትልበት ቀን ይመጣል። ቻይልድ ላይፍ ባለሙያዋ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ልጁ የሚፈራው ሌሊት ነው።

ሁለተኛው ስጋቴ በሩ ላይ የሚቀሩት ናቸው። ሙያው በአብዛኛው የነጭ ሴቶች ሙያ መሆኑን ራሳቸው ባለሙያዎቹ ይናገራሉ። 600ው ሰዓት በብዙ ቦታ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው፤ ቦታው ደግሞ ከአመልካቹ ቁጥር እጅግ ያነሰ። ለወራት ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው አባት ወይም ባል የሚያኖረው ሰው ነው። የፈቃድ ሕግ ይህንን መስፈርት እንዳለ ገልብጦ ማኅተም ቢመታበት፣ ማኅበሩ በስብሰባ ሊያሻሽለው የሚችለው ነገር በምክር ቤት ካልሆነ የማይነካ ይሆናል።

ይህ የእኛንም ሰው ይነካል። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በሲያትል የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ሆስፒታል ገባ እንበል። ልጁ እንግሊዝኛውን ከእናቱ በተሻለ ይሰማል። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ ከድንገተኛ ጉዳይ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ስለሚከለክል አስተርጓሚ ይጠራል። ባለሙያዋ ለልጁ «ይወጋሃል፣ ትንሽ ያምሃል፣ አምስት እስክትቆጥር ያልቃል» ትለዋለች። እናት በአማርኛ «የኔ ጌታ፣ ምንም አይሰማህም» ትለዋለች። ከፍቅር ነው። ልጁ ግን ሁለት ቋንቋ ሁለት እውነት ሲነግረው ይሰማል፤ መርፌው ሲገባ ደግሞ የትኛው ቋንቋ እንደዋሸው ያውቃል። እኛ ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰም አለ፤ «አርፈህ ካልተቀመጥክ መርፌ አስወጋሃለሁ!» እያልን ያሳደግነው ልጅ መርፌውን እንደ ቅጣት ቢቆጥረው ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእሱ አይደለም። ይህን ዛቻ ሰምታ የምታውቅ፣ እናትየዋን ሳታሳፍር «እትዬ፣ እስቲ እንዲህ እንበለው» ልትላት የምትችል ባለሙያ ታስፈልጋለች። እሷ ምናልባት ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ማታ ማታ በረዳት ነርስነት ትሠራ ይሆናል። 600 ሰዓት በነጻ መሥራት አትችልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሕግ የሚያነብ የምክር ቤት ሰው ቢጠይቀኝ የምመክረው አጭር ነው። ስሙን ቆልፈው፤ በስሙ የሚነግድ አታላይ ይከልከል። ወላጅ በራሱ ቋንቋ አቤት የሚልበት መስኮት ክፈት፤ አቤቱታውን የሚሰማው ቦርድ ውስጥም ከባለሙያዎቹ ሌላ ልጁን ያስታመመ ወላጅ አስቀምጥ። ልምምዱን አስገዳጅ ካደረግኸው የሚከፈልበት አድርገው። ሕጉ ውስጥም አንድ አንቀጽ ጨምር፦ ልጅን ማስረዳት፣ ማጫወትና ማጽናናት ለማንም ነርስ፣ ለማንም ሐኪም፣ ለማንም ወላጅ አይከለከልም፤ እንዲያውም ይጠበቅበታል። ይህ አንቀጽ ከሌለበት ሕጉ ቢቀር ይሻለኛል።

የፈቃድ ወረቀት የሚሰቀለው በአዋቂ ዓይን ትክክል ነው። ልጁ ከአልጋው ላይ ሆኖ አያነበውም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ይቺ ሴት «ያምሃል» ስትለኝ አመመኝ፣ «አለቀ» ስትለኝም አለቀ። ነገ ስትመጣ እጁን ቢዘረጋላት በፈቃዱ ነው።